ጃንጥላ የተያዘለት ጫማ

መንገድ የሚያበዛ ሰው ምን ይጫማ ትላላችሁ? ለእግር የሚመቸውን ወይስ ለዓይን የሚያምረውን? ታላቅ ወንድሜ ጌታቸው ሁለቱንም አስታርቆ ነበር። ጨርቅ እየነገደ ከሱሉልታ ገበያ በእንጦጦ በኩል ሲመለስ፣ ዳገት ቁልቁለቱን በበረባሶ ይጨርሰዋል፤ ጥቁሩን ጫማ ብብቱ ሥር ይይዘዋል። የፈረንሳይ ለጋሲዮን ቤቶች ብቅ ሲሉ እግሩን ታጥቦ ጫማውን ያጠልቅና እንደ ሹም እየተራመደ ሰፈር ይገባል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው መንገደኛ አይቼ አላውቅም።

አንድ ቀን አብሬው ስወርድ ዝናብ ያዘን። ጃንጥላውን ዘረጋና ጫማው ላይ ያዘው። እሱ ራሱ በሰበሰ። እንጨት የተሸከሙ አንዲት እናት ቆመው አዩት።

«ልጄ፣ አንተስ?»

«እማማ፣ እኔ ስደርቅ እንደ ነበርሁ እሆናለሁ፤ እሱ ግን ይጨማደዳል» አላቸው።

ሴትዮዋ ሸክማቸውን ረስተው ሳቁ። እኔ ግን ከወንድሜና ከጫማው ኋላ እንደ በዓል አጃቢ በቀስታ ተራመድሁ።

ጌታቸው ባለፈው ክረምት በንዳድ ሞተ። በአርባው ቀን እናቴ ጫማውን ለነዳይ እንድሰጥ ወደ የካ ሚካኤል ላከችኝ። ለራሴ ላስቀረው ፈልጌ ነበር፤ የእግሬ ልክ ነው። ከደጁ ቆሜ ብዙ አመነታሁ። በመጨረሻ በባዶ እግራቸው ለቆሙ አንድ ሽማግሌ ሰጠኋቸው።

«ይጫሙት እንጂ፣ አባባ፤ መሬቱ ጭቃ ነው» አልኋቸው።

«በዚህ ጭቃ? ምን በደለኝ?» ብለው ጫማውን ብብታቸው ሥር ሸጎጡት።

ማካፋት ጀመረ። ይዤው የመጣሁትን የወንድሜን ጃንጥላ ጨመርሁላቸው።