ጭንቀታም አይጦቼና የሱሉልታው ቅጠል

ዛሬ አይጥ አዋረደኝ። ቁጭ በሉና ልንገራችሁ።

ለማታውቁኝ፦ ማስተርሴን እየሠራሁ ነው። ቴሲሴ አንድ የባህል መድኃኒት ቅጠል የአይጥ ጭንቀት ይቀንስ እንደሆነ መፈተሽ ነው። አዎ፣ አይጥም ይጨነቃል። የታክሲ ሰልፍ ሳይኖርበት!

ቅጠሉን ያሳዩኝ ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ የሱሉልታ ገበሬና መድኃኒት አዋቂ። ስሙን ፔፐሩ ሳይወጣ አልነግራችሁም፤ እሳቸውም አስምለውኛል።

ሲሰጡኝ አንድ ትእዛዝ ነበራቸው። "መድኃኒት የሚይዝ ሰው ገላውን ታጥቦ፣ ንጹህ ልብስ ለብሶ ነው። አለዚያ አይሠራም።"

እኔ ሆዬ፣ የሳይንስ ሰው፣ ፈገግ አልኩ። "ኦቦ፣ እኛ ጓንት አለን" አልኳቸው።

ጓንት አለን። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

ፈተናው ቀላል ነው። ከፍ ብሎ የቆመ፣ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጣውላ አለ። ሁለቱ ክንዶች ግድግዳ አላቸው፣ ሁለቱ ክፍት ናቸው። የተጨነቀች አይጥ ግድግዳው ውስጥ ትወሸቃለች፤ ቀለል ያላት ክፍቱ ላይ ወጥታ ትንጎራደዳለች።

የኔዎቹ? ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲትም አልወጣችም። ቅጠል የጠጣችውም ውሃ የጠጣችውም እኩል ጥግ ይዘው ይንቀጠቀጣሉ።

አድቫይዘሬ ቆረጡ። "ሐሙስ የመጨረሻ ነው። ካልወጡ ሌላ ቅጠል ትመርጫለሽ።" የዓመት ልፋቴ ገደል ሊገባ ነው። ከሁሉ የከበደኝ ግን ኦቦ ገመቹን "ቅጠልዎ አይሠራም" ማለቱ ነበር።

ሐሙስ ዛሬ ነው። ኦቦ ገመቹ ደግሞ ጠዋት ትኩስ ቅጠል ይዘው በሚኒባስ ላቦራቶሪ ድረስ መጡ። "እስቲ አይጦቹን አሳዪኝ" አሉ።

አንዷን ላነሳ እጄን ወደ ሳጥኑ ስሰድ ሁሉም አንዱ በአንዱ ላይ ተከመሩ። የላብ ቴክኒሺያኗ ሰናይት እጇን ስትሰድ ግን ቀስ ብለው መጥተው ጓንቷን አሸተቱ።

ኦቦ ገመቹ አይጦቹን ተዉና እኔን ያዩኝ ጀመር። ጠጋ ብለው ከጋውኔ ላይ አንዲት ቀላ ያለች ፀጉር በሁለት ጣታቸው አነሱ።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ቤትሽ ድመት አለሽ?"

ወገኖቼ።

ኮሎኔል የሚባል ድመት አለኝ። ቡራዩ ያለችው ቤቴ ወንበሯ አንድ ናት። በየዓርቡ ጋውኔን ወስጄ አጥቤ እዚያች ወንበር ላይ አጥፌ አስቀምጣለሁ። ኮሎኔልም የተነጠፈለት መስሎት እስከ ሰኞ ይተኛበታል።

እንግዲህ እጄ ጓንት፣ የቀረው ሰውነቴ ድመት ሆኖ፣ "ለምንድነው የምትጨነቁት?" እያልኩ አይጥ ስመረምር ከርሜያለሁ።

አድቫይዘሬ በሩ ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። ሰናይት ሳቋን ለመደበቅ ጭንቅላቷን ፍሪጅ ውስጥ ከተተች።

ከገዛ ኤክስፔሪመንቴ ተባረርኩ። ኮሪደር ላይ ቆሜ በበሩ መስታወት አያለሁ። ሰናይት በንጹህ ጋውን፣ እኔ ጨርሶ ያልነካኋቸውን አይጦች ያዘች። ማን ቅጠል ማን ውሃ እንደጠጣ የሚያውቁት አድቫይዘሬ ብቻ ናቸው።

አንዷ አፍንጫዋን ብቅ አደረገች። መለስ አለች።

ከዚያ ወጣች! እስከ ክፍቱ ጫፍ ሄዳ ቁልቁል ተመለከተች።

ከእሷ በኋላ ሌሎችም በየተራቸው ወጡ። አድቫይዘሬ ማን ምን እንደጠጣ ሲገልጡ፣ ከወጡት አብዛኞቹ ቅጠል የጠጡት ነበሩ፤ ውሃ የጠጡት ጥጋቸውን ይዘው ቀርተዋል። ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን አለቀስኩ፣ ለምን እዋሻለሁ።

አድቫይዘሬ "ገና ይደገማል፤ ቅጠሉ ግን ይቆያል" አሉ። ኦቦ ገመቹን ምንም አልገረማቸውም። "ታጠቢ ብዬሽ ነበር እኮ" ብለው ባርኔጣቸውን አጥልቀው ወደ ሚኒባሳቸው ሄዱ።

ታጠቢ ሲሉኝ ወግ መስሎኝ ነበር። ለካ ፕሮቶኮል ነው።

አሁን ቤት ነኝ። ጋውኑ ላቦራቶሪ ቀርቷል፣ ከእንግዲህም ቡራዩን አያይም። ኮሎኔል ባዶ ወንበሩን እየዞረ ያለቅሳል፣ እህል አልቀምስ ብሏል።

ለድመት ጭንቀት የሚሆን ቅጠል የምታውቁ አላችሁ?