ለጨዋታ የተላኩ ሽማግሌዎች

ትናንት ከምሳ በኋላ እጄን ላሳርፍ ብዬ ጋደም ባልኩበት ሕልም አየሁ። እጄን ማሳረፍ የፈለግሁት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የፑል ግጥሚያ ስለነበረብኝ ነው። ተጋጣሚዬ ምስጋናው የሚባል የኮምቦልቻ ሰው ነው፤ የፑል መምቻ ስቴካ ከያዘ ገና ሁለት ሳምንቱ እንደሆነ በራሱ አፍ ነግሮኛል። በደሴ ፑል ቤቶች እኩያዬን ፍለጋ መዞር ከጀመርኩ ዓመት አልፎኛል። ጀማሪ ነኝ ያለኝ ሁሉ ገፎኛል። ይህኛው ግን ኳሷን ሲመታ ምላሱን በጥርሱ ይዞ ስላየሁት አመንኩት። ለውርርድ ያስያዝኩት የእህቴን የእታፈራሁን የልብስ ስፌት መኪና ነው። እሷ አታውቅም። ትምህርት ሊጀመር ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ በመኪናዋ የሚሰፋ የሠላሳ ሁለት ተማሪዎች ዩኒፎርም ተቆርጦ ተቀምጧል።

ዓይኔን ከመክደኔ ፒያሳ ቆሜ ታክሲ እጠብቃለሁ። ለካ የሚጠብቁት ታክሲዎቹ ኖረዋል። አሥራ ሁለት ሆነው ተሰልፈዋል። የፊተኛው ሾፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣

«ጌታዬ፣ ቦታ ይኖርዎታል?» አለኝ።

«ሞልቻለሁ» አልኩት።

አመሰገነኝና ወደ ሰልፉ ጭራ ተመለሰ። እኔም በእግሬ ሄድኩ።

ፑል ቤቱ የነበረበት ቦታ ነበር፤ በሩ ላይ ግን «የተሸነፈ ይወስዳል፣ ያሸነፈ ይከፍላል» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። የቤቱ ባለቤት ጋሽ ሙሄ ከውስጥ ወጥተው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። በእውኑ ዓለም በአንድ ጣታቸው ነው ወንበር የሚያሳዩኝ።

«እንኳን መጣህ ደመላሽ። ለመሆኑ ስንት ሰው አሸንፎሃል?»

«ሁሉም» አልኩ አፍሬ።

ስቴካ የያዙት ስቴካቸውን ግድግዳ ላይ አስደገፉ።

«ሁሉም ስትል?»

«አንድ ቀን ብቻዬን ስለማመድ ጭምር ተሸንፌያለሁ።»

የተቀመጡት ተነሡልኝ። አንዱ ወንበር፣ አንዱ ለስላሳ ይዞ መጣ። በዚህ ቤት የተሸነፈ ሰው የሁለቱንም መያዣ ይዞ ወደ ቤቱ እንደሚገባ፣ ያሸነፈ ግን ባዶውን እንደሚቀር የገባኝ ያኔ ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ችሎታዬ የሚፈለግበት አገር ደረስኩ። እታፈራሁን አሰብኳት። መኪናዋን ሳላስነካ፣ እንዲያውም ሌላ ጨምሬ እመለሳለሁ አልኩ በልቤ።

ወዲያው አንድ ቀጭን ሰውዬ ክንዴን ያዘኝ። «ከእኔ ጋር ተጫወት፣ ግድ የለህም፤ አትጎዳም። የደሴ አንደኛ ነኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ሰባት ኳስ አከታትዬ አገባለሁ። አሸንፌህ መያዣዬን ይዘህልኝ ትሄዳለህ» አለኝ።

ጋሽ ሙሄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «እንዳትሰማው። አንድ ኳስ አግብቶ አያውቅም። እንዲህ ጎበዝ ነኝ እያለ ነው የስንቱን ቤት ያፈረሰው።»

«ታዲያ እኩያዬን በምን አውቃለሁ?»

«በሽማግሌ ነዋ። ጨዋ ሰው ዝም ብሎ ይጋጠማል እንዴ? ዝም ብሎ የሚገባበትማ ትዳር ነው።»

በጣታቸው ወደ ጥጉ አሳዩኝ። እኛ ዘንድ የተጫዋቾች ተራ በጠመኔ በሚጻፍበት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጋቢዎች ተራ ተጽፏል። አንድ ወጣት አንዷን ልጅ፣ «ነጻ ነሽ?» አላት። «ከፊትህ ሁለት ሰው አለ» አለችው። «እሺ፣ ቆሜ እጠብቃለሁ።» ብዙም አልቆመም፤ ተራው ደረሰና ተጋብተው ወጡ። ጋሽ ሙሄ ስማቸውን በመዳፋቸው አጠፉት።

እኔም ሽማግሌ ላክሁ። ሦስት ነበሩ፤ በከዘራ ፈንታ ስቴካ ተመርኩዘዋል፤ ጫፉ ጠመኔ ስለተቀባ በሄዱበት ሁሉ መሬቱ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ይተዋሉ። የበላያቸው አቶ እንድሪስ ይባላሉ። ነጠብጣቡን ተከትዬ ሆጤ ሰፈር ደረስኩ፤ የወይዘሮ የሺመቤት ግቢ ነው። ወይዘሮ የሺመቤት ስድሳ ዓመት የሞላቸው፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሴት ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲሸነፉ ኖረዋል ተብሎላቸዋል። የሚነጋገሩላቸው ታላቅ ወንድማቸው አቶ ጌጤነህ ናቸው።

«አረፍ በሉ እንጂ» አሉ አቶ ጌጤነህ።

«የመጣንበትን ሳትሰሙን አንቀመጥም» አሉ አቶ እንድሪስ። «ልጃችን ከእህትዎ ጋር አንድ ጨዋታ ፑል እንዲጫወት ፈቅዳችሁ ስጡን ብለን ነው።»

«ልጁ የማን ወገን ነው?»

«አባቱ በካርታ ተሸንፏል። አያቱ በገበጣ። ቅድመ አያቱ በገና ጨዋታ፤ ያውም በራሱ ዱላ ተመትቶ። እስከ ሰባት ቤት ቆጥረናል። አንድ አሸናፊ አልተገኘበትም።»

«በእናቱ በኩልስ?»

አቶ እንድሪስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ የሚደበቅ ነገር የለም። በእናቱ በኩል አንድ አጎት በዕጣ ሳሙና ደርሶታል።»

ግቢው አጉረመረመ።

«ሳሙና ብቻ?»

«ሳሙና ብቻ። አረፋም አልነበረው።»

አቶ ጌጤነህ ከዘመዶቻቸው ጋር ተንሾካሹከው ተመለሱ። «እኛም የምንደብቀው የለንም። የሺ በልጅነቷ ገመድ ዝላይ ላይ አንዴ ጓደኛዋን በልጣለች። እንግዲያው ሳሙናው በገመዱ ይካካስ።»

ሁሉም «ይካካስ» አሉና ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ዓመት ሙሉ የፈለግሁት እኩያ በሩብ ሰዓት ተገኘልኝ። በእውኑ ዓለም ተጋጣሚዬን የምመዝነው ምላሱን አይቼ ነው።

«ጥሎሹስ?» አሉ አቶ ጌጤነህ።

«የእህቱ ስፌት መኪና።»

መኪናዋ በሩን ገፍታ በአራት እግሯ ገባች። መርፌዋ ሥር የአንድ ግራጫ ዩኒፎርም እጅጌ እንደተወጋ ተንጠልጥሏል። እየተራመደች ስትመጣ ፔዳሏ ብቻውን ከፍ ዝቅ ይላል። አጠገቤ ስትደርስ በእታፈራሁ ድምፅ፣

«ደሜ፣ እውነት እኩያህ ናቸው?» አለችኝ።

«እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሯል።»

«እኔንስ ጠይቀኸኛል?»

ሽማግሌዎቹ መኪና ተናገረች ብለው አልደነገጡም። የደነገጡት በጥያቄዋ ነው። አቶ እንድሪስ ቶሎ ብለው ወደ ሌላ ወሬ አሻገሩት። «እህትዎስ ምን ያስይዛሉ?»

«ከሰዓት በኋላዎቿን በሙሉ።»

ከሰዓት በኋላዎቹ በሣጥን ተጣጥፈው መጡ። ክዳኑ ሲከፈት አየሁ፤ ከላይ የነበረው ገና አልቀዘቀዘም፤ አንድ ዝንብም እዚያው ውስጥ በመስኮት መስታወት ላይ ይዞራል። እታፈራሁ ይህን ሁሉ ከሰዓት በኋላ ብታገኝ ሠላሳ ሁለቱን ዩኒፎርም ሰፍታ ጨርሳ ትተኛበታለች ብዬ አሰብኩ። ጓጓሁ።

ሳንወጣ ግቢው ፑል ቤት ሆነ። አጥሩ ጠረጴዛውን ከበበው። ጋሽ ሙሄ ዳኛ ሆነው ሕጉን አነበቡ፦ ሁሉም ኳስ ካለቀ በኋላ ጥቁሯን ኳስ ያገባ አሸነፈ፤ ያሸነፈ ያስያዘውን አጣ።

መሸነፍ እንዳሰብኩት ቀላል አልሆነም። በዚያ አገር ኳስ ወደ ቀዳዳ አይሄድም፤ ቀዳዳው ነው ወደ ኳስ የሚመጣው። ስድስቱ ቀዳዳዎች ጡት እንዳላገኙ ጥጆች አረንጓዴው ጨርቅ ላይ ይራወጣሉ። ኳሷን ወደ ግራ ስመታት ቀዳዳው በግራ በኩል አፉን ከፍቶ ይቀበላታል። ጨርሼ ሳልነካት ስቀር ከኋላዋ መጥቶ ይውጣታል። ወይዘሮ የሺመቤት ስቴካቸውን እንደ ማማሰያ በጡጫቸው ይዘው በወፍራሙ ጫፍ ይመታሉ። እኔ ደግሞ ፊቴን አዙሬ በብብቴ ሥር መታሁ። የእሳቸው ሰባት ገባ፤ የእኔም ሰባት ገባ። ከዚህ በላይ እኩያ አይገኝም።

ጥቁሯ ብቻዋን መሐል ቀረች።

እሷን ላለማግባት የደከምነውን እኔና እሳቸው ብቻ ነን የምናውቀው። እሳቸው ሳቱ፤ እኔ ሳትኩ። አንዴ ጥቁሯን ከጠረጴዛው አውጥቼ ሣጥኑ ውስጥ ጣልኳት፤ ከአንዱ ከሰዓት በኋላ ውስጥ ፈልገው መለሷት። ቀዳዳዎቹ ደክሟቸው ጥግ ጥጉን ተኙ፤ አንዱ ብቻ ነቅቶ እኔ አጠገብ ቀረ። ተመልካቹ ስንስት በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል። «እጁን እዩት፣ እንዴት እንዳበላሻት» አለ ያ ቀጭን ሰውዬ፣ ቅናት እየሰማው። መኪናዋ ከኋላዬ ቆማለች። በእያንዳንዱ ስህተቴ መርፌዋ አንዴ ጠቅ ትላለች፤ እንደ ማጨብጨብ ነው የቆጠርኩት።

ተራው የእኔ ሲሆን ወይዘሮ የሺመቤት ስቴካቸውን አስቀመጡና እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«ልጄ፣ ደከመህ። ይችን አንዷን አግባት።»

«የለም እማማ። እርስዎ ይቅደሙ።»

«እኔማ ጠገብኩ።»

«እኔም ጠግቤያለሁ።»

«ትንሽ እኮ ናት። ከፊትህ ናት።»

«ምንም ቦታ የለኝም፣ ይስጥልኝ።»

«በሞቴ።»

«እማማ፣ እውነት አልችልም።»

«በሞቴ አልኩህ። ልታስቀይመኝ ነው?»

«ደሜ፣ እንዳትሰማቸው» አለች መኪናዋ።

ወይዘሮ የሺመቤት ጎንበስ ብለው ጥቁሯን በሦስት ጣታቸው አነሡና፣ እንደ ጉርሻ ጠቅለል አድርገው ንቁው ቀዳዳ አፍ ላይ አስቀመጡልኝ። ነካ ባደርጋት የምትወድቅ ነበረች። ቀና ብለው በመነጽራቸው በኩል አዩኝ።

«በሞቴ፣ የእኔ ልጅ።»

ሦስተኛው ነው። እናቴ ያሳደገችኝ በሁለተኛው በሞቴ እጄን እንዳወርድ፣ በሦስተኛው አፌን እንድከፍት ነው። አራተኛውን ያስባለ ልጅ ቤታችን ውስጥ አልነበረም። ስቴካውን ዘረጋሁ። መንካቴንም አላስታውስም። ቀዳዳው ጥቁሯን ውጦ ቀስ ብሎ አፉን ገጠመ።

«አሸነፈ» አሉ ጋሽ ሙሄ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ።

ሰው ሁሉ በየተራ መጥቶ «እግዜር ያጽናህ» አለኝ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እያለቀሱ ነው እልል ያሉት። አራት ሰዎች በትከሻቸው ተሸከሙኝ። ሌሎች አራት ደግሞ መኪናዋን ተሸክመው ወደ ተቃራኒው በር ሄዱ። የእጅጌው ክር ጣቴ ላይ ተጠምጥሞ ኖሮ እሷ ስትርቅ እጅጌው ይተረተራል።

ወይዘሮ የሺመቤት ሣጥናቸውን ዘግተው ከጎን ከጎኔ ተራመዱ።

«ቅር እንዳይልህ። ጨዋ ልጅ ሳገኝ ሁልጊዜ እንዲሁ ነኝ። ስንቱን በሞቴ ብዬ ነው የጨረስኩት» አሉኝ።

ዞሬ አቶ እንድሪስን ፈለግሁ። «ጋሼ፣ እኩያ ናቸው ብላችሁኝ የለም ወይ? ሰባት ቤት ቆጥራችሁ የለም ወይ?»

አቶ እንድሪስ የስቴካቸውን ጫፍ አዩ። «ሽንፈቱን ቆጠርን ልጄ። እምቢ ማለት ትችል እንደሆን መጠየቁ ተዘነጋን።»

«አሁን ጠይቁኛ።»

«አሁንማ አሸንፈሃል።»

ክሩ ተበጠሰ፤ ነቃሁ።

በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ቀልቷል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ይላል። እታፈራሁ ደፍ ላይ ተቀምጣ የተቆረጡትን ጨርቆች በክር ታስራለች።

«ተነሣህ? ጓደኛህ መጥቶ ነበር» አለችኝ።

«የቱ ጓደኛዬ?»

«ምስጋናው ነኝ ያለው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጠብቆህ ስትቀርበት ጊዜ እዚህ ድረስ መጣ። ያልመጣ ሰው እንደተሸነፈ ይቆጠራል፣ ደመላሽ ሕጉን ያውቀዋል፤ ቅዳሜ ደግሞ እንጋጠማለን አለኝ። የጨዋታ ነገር ነው ብዬ ተውኩት።»

መኪናዋ ወደምትቀመጥበት ጥግ ለማየት አንገቴ እምቢ አለኝ። «እትዬ፣ መኪናዋስ?»

«ወሰዳታ። ክር ትዘላለች እያልኩ ስነዘንዝህ ለካ ሰምተህ እንዲጠግናት ነግረኸው ኖሯል። እኔ ደግሞ አይሰማኝም ብዬ ሳማህ። ለመውሰድ ነው የመጣሁት ሲለኝ ደስ አለኝ። ሻይ ሰጥቼው እጁ ሲንቀጠቀጥ ግማሹ ሱሪው ላይ ፈሰሰ፤ አሳዘነኝ። መኪናዋን ሲያነሣት ግን ብቻውን ብድግ ነው ያደረጋት።»

«ለምን አልቀሰቀስሽኝም?»

«ልቀስቅሰው ወይ ብለው፣ ‹ተይው እህቴ፣ ይተኛ› አለኝ። ከጓደኞችህ ሁሉ እንዲህ የሚያስብልህ አላየሁም።»

ጨርቆቹን አስራ ጨረሰችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«ሌላ የተበላሸ ዕቃ አላችሁ ወይ ሲለኝ ቴሌቪዥኑን አሳየሁት። ግራ ቀኝ አገላብጦ አየውና፣ ‹ለቅዳሜ ይሆናል› አለኝ።»