ፕሮግራም ላይ የሌለ ቤት

አገር ማየት ሥራ መሆኑን ያወቅሁት አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ ነው። እኛ ዘንድ አገር የሚታየው በመንገድ ላይ ነው፤ ገበያ ሲሄዱ፣ ለቅሶ ሲደርሱ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ሲኖር። ከዚህ ውጭ አንድ ሰው ማለዳ ተነሥቶ፣ ደህና ልብሱን ለብሶ፣ «እንዲያው አገር ለማየት ነው የምሄደው» ቢል ምን ይሆናል? ሚስቱ ታለቅሳለች፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ነገሩ ከባሰም ጠበል ይወሰዳል። እዚህ ግን ጤነኛ ሰው መርከብ ተሳፍሮ፣ በቡድን በቡድን ተከፍሎ፣ ደረቱ ላይ ቁጥር ተለጥፎበት አገር ያያል። ያውም በደቂቃ።

ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ አይደለም። የልጄ የየሺ እንጀራ ይኸው ነው። ቤቷ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ እኔም ካስመጣችኝ ሰባት ወር ሆኖኛል፣ እሷው ዘንድ ነኝ። ሥራዋ ግን ወንዙን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ነው። በዚያው በፖቶማክ ወንዝ ሽቅብ አንዲት መርከብ ትመጣለች፤ ከተማ አታህልም፣ ቀበሌ ግን ታህላለች። የሺ ነጭ ቫኗን ወደቡ ላይ አቅርባ ከመርከቧ አሥራ አራት ሰው ትቀበልና የድሮውን ከተማ ታዞራቸዋለች። አፏ ላይ በተንጠለጠለች ትንሽ ማይክ ይህ ቤት የእገሌ ነበር፣ ይህ ጡብ ከእንዲህ ያለ ቦታ መጣ እያለች ታስረዳለች። ለእያንዳንዱ ቤት ከመሥሪያ ቤቷ የተሰጣት ጽሑፍ አለ፤ በቃሏ ይዛዋለች። ለእያንዳንዱም የተመደበ ደቂቃ አለው። ለቤተ ክርስቲያኑ ዘጠኝ፣ ለድሮው መድኃኒት ቤት ስድስት፣ ለመጸዳጃ አሥራ ሁለት። በከተማው ውስጥ ከሁሉ የሚከበረው የትኛው እንደሆነ እንግዲህ ከዚህ መረዳት ነው።

በዚያ ሰሞን የሺ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። ሰዎቹን ወደ መርከቧ አርፍዳ በመመለሷ ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባታል። ሁለቱንም ጊዜ መንገድ ተዘግቶባት ነው፤ ግን ይህን ማን ይሰማል? ሦስተኛ ካረፈደች ሥራው አበቃ ብለዋታል።

አንድ ጠዋት «አባዬ፣ ብቻዎን ግድግዳ ሲያዩ ከሚውሉ ዛሬ ከእኔ ጋር ይሂዱ» አለችኝ። ከፊት አንድ ወንበር ባዶ ስለነበረ አለቃዋን ኮል አድርጋ አስፈቀደች። አደራ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስትሠራ ዲስተርብ እንዳላደርጋት። እኔን? በቀን አሥር ቃል የማይሞላኝን ሰው?

የሆነው ሆኖ ዲስተርብ አደረግኋት። ልጄ ስትናገር እንደ ግንድ ተገትሮ መስማት ነውር መሰለኝና፣ በየንግግሯ ማሳረጊያ ላይ እንደ አገራችን ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ እያደረግሁ «አዎ» እላት ጀመር። የምትለውን እሰማ ነበር ወይ? አንድም ቃል። ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ግን አስም የተነሣብኝ መስሏት ትከሻዬን ነካ አድርጋ ውሃ አቀበለችኝ። ሁለተኛው ቤት ላይ መስኮት ከፈቱልኝ። ሦስተኛው ላይ የሺ ማይኩን አጥፍታ «አባዬ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ አይተንፍሱ!» አለችኝ።

ስለዚህ ትንፋሼን ሰብስቤ ሰዎቹን ማየት ያዝኩ። ከተማውንማ እነሱ ይዩት። አንገቱ እንደ በርበሬ የቀላ ሰውዬ አለ። ካርታ ይዘው በየመታጠፊያው የሚጣሉ ባልና ሚስት አሉ። ደግሞ አንዲት ረጅም ጥቁር አሜሪካዊት አዛውንት አሉ፤ ወይን ጠጅ ካፖርት ለብሰዋል፣ ከዘራ ይዘዋል። ወደ መኪናው ሲገቡ እኔን አይተው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ያሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከተማው ዳር ካለ ኮረብታ ላይ ወጥተን ስንመለስ፣ ዱክ በሚባለው መንገድ ላይ በአንድ ግራጫ ቤት ፊት አለፍን። ሴትዮዋ እጃቸውን አውጥተው አንድ ነገር ጠየቁ። የሺ በትሕትና መለሰችላቸው፤ መኪናው ግን አልቆመም። ምን አሉሽ አልኳት። «እዚህ እንቁም አሉ። ፕሮግራም ላይ የለም» አለችኝ። ምን ቤት ነው? «ድሮ ሰው ይሸጥበት የነበረ ቤት ነው አባዬ።» ዳቦ ይሸጥበት የነበረ ቤት እንደሚባለው አድርጋ ነው የተናገረችው። ክፋት ኖሯት አይደለም፤ ዓይኗ ሰዓቱ ላይ ስለነበረ ነው። ታዲያ ለዚህ ያልቆመ መኪና ለምን ሊቆም ነው ብላት፣ «ለሱ ጽሑፍ አልሰጡኝም» ብላ ማይኩን አበራችና ስለሚቀጥለው ቤት ጣሪያ ማስረዳቷን ቀጠለች። ዞር ብዬ አየሁ። ሴትዮዋ አንገታቸውን ወደ ኋላ መልሰው፣ ቤቱ ከዓይን እስኪሰወር ድረስ ያዩታል። ዘመዱን ቀብሮ የሚመለስ ሰው እንደዚያ ሲያይ አውቃለሁ።

በመጨረሻ ኪንግ ስትሪት ላይኛው ጫፍ ላይ አርባ አምስት ደቂቃ ዕቃ እንዲገዙ ተለቀቁ። መርከቧ የምትነሣው በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አሥር ሰዓት ሲሆን ሰዉ ተመልሶ ገባ። ነፋስ ተነሥቶ ስለነበር ሁሉም ካፖርቱን ደርቦ፣ ደረቱ ላይ ያለው ቁጥር ተሸፍኗል። የሺ በጣቷ ቆጠረች፤ አሥራ አራት። ሞተር አስነሣች። እኔ ዞሬ አየሁና አንድ ሰው የለም አልኳት። «አባዬ፣ አሥራ አራት ናቸው፤ ሁለቴ ቆጥሬያለሁ፤ ዛሬስ ይተዉኝ!»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። እኛ ዘንድ ነፍስ ያለው ነገር በጣት አይቆጠርም፤ ልጅም ይሁን ከብት። ያጎድላል ይባላል። ከብት በረት ሲገባ ገበሬ «ስንት ገባ?» አይልም፤ «ማን ቀረ?» ነው የሚለው። ቡሬው ገባ፣ ዳልቻዋ ገባች፣ ቦራዋ የታለች? የተማረ ሰው ይህን ኋላ ቀርነት ይለው ይሆናል። ይበለው። ቁጥር አሥራ አራት ሲሞላ ይጠግባል፤ ዓይን ግን የሚያውቀውን ካላየ አይጠግብም። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ቀይ አንገት አለ፣ ባለ ካርታዎቹ አሉ፣ ወይን ጠጁ ካፖርት የለም። በመጨረሻው ወንበር ላይ ደግሞ ጧት ያላየሁት ወፍራም ሰውዬ ያንኮራፋል።

ያ የእኛ አይደለም አልኳት። የሺ ሄዳ ቀሰቀሰችው። ካፖርቱን ቢገልጠው እውነትም የሌላ ቡድን ቁጥር ተለጥፎበታል። የመርከቧን ሰዎች የሚያዞር ሌላ ነጭ ቫን ነበረና የእሱ ሰው ነው፤ በራችን ተከፍቶ፣ ወንበሩ ሞቆ ስላገኘው ገብቶ ተኛ። ይቅርታ እንኳ አልጠየቀም። ይህስ መኪና የሚሄደው ወደ መርከቧ አይደለም ወይ ብሎ የሺን ገሠጻት። እንዲህ ያለ ሰው በየአገሩ አለ።

የሺ ለሴትዮዋ ስልክ ደወለች፤ አይነሣም። «ጥያቸው ብሄድ ሴትዮዋ ቀሩ፤ ልፈልጋቸው ብል ሥራዬ ቀረ። ደግሞ የት ብዬ ልፈልጋቸው?» የት እንዳሉ አውቃለሁ አልኳት። «እንዴት አድርገው ያውቃሉ? ከተማውን አያውቁት!» አለችኝ። ከተማውን አውቃለሁ ማን አለ? ሴትዮዋን ነው ያየኋቸው። የሺ ሰዓቷን አየች፤ እኔን አየች፤ ከዚያ መሪውን ወደ ዱክ መንገድ ጠመዘዘች። ያኔ የሆዴን በሆዴ ይዤ፣ ልጄ ጎበዝ ናት አልኩ።

ሴትዮዋ እዚያው ነበሩ። በቤቱ ፊት ለፊት ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። የሺ ጥሩምባ ልትነፋ እጇን ስትሰድ ተይ አልኳትና ወረድኩ። አጠገባቸው ሄጄ ባርኔጣዬን አውልቄ ቆምኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ቋንቋቸውን አላውቅ፤ ባውቀውስ ምን እላለሁ? ለቅሶ ቤት የገባ ሰው አጠገብ ይቀመጣል እንጂ ሟቹ እንዴት እንደሞተ ለቤተሰቡ አያስረዳም። ያ ቤት ከሌላው ቤት በምንም አይለይም፤ በርም መስኮትም አለው። እዚህ ውስጥ ሰው በጣት ይቆጠር ነበር አልኩ በልቤ፤ ማን ቀረ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

እሳቸው ወደ እኔ ሳይዞሩ የሴት ስም የሚመስል ነገር ደጋግመው ተናገሩ። ኋላ ለየሺ እንደነገሯት የአያታቸው አያት ስም ነው። ወዴት እንደተወሰደች ቤተሰቡ ያውቃል፤ ከየት እንደተወሰደች ለማየት ነው የመጡት። ሰባት ቀን በመርከብ የተጓዙት ለዚህ አንድ ቤት ነው።

ከኋላዬ የመኪናው በር ሲከፈት ሰማሁ። ሊያጉረመርሙ ነው ብዬ ዞርኩ። አንድ በአንድ ወርደው እየመጡ ቆሙ። ቀዩ አንገት ባርኔጣውን አወለቀ። ባልና ሚስቱ ካርታቸውን አጥፈውታል። ያ እንቅልፋሙ ሰውዬ ሳይቀር መጣ። ማንም ፎቶ አላነሣም። የሺ ልማድ ሆኖባት አፏን ከፈተች፤ የምትለው የላትምና መልሳ ዘጋችው። ምን ያህል እንደቆምን እኔ አላውቅም። የሺ ታውቃለች፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው።

መርከቧ ጋ ስንደርስ ከአሥር ተኩል ስድስት ደቂቃ አልፏል። መርከቧ ቆማ ጠብቃለች፤ በመግቢያዋ ላይ የቆመው ሰው ግን ሰዓቱን አይቶ ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ሴትዮዋ ከመግባታቸው በፊት የየሺን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ። የእኔንም ያዙ።

እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። እሷ ስለ ነገ እያሰበች ነው፤ እኔ እንደ ልማዴ ነው። «እንጀራሽን አስጣልኩሽ ወይ?» ልላት ይገባ ነበር። ወይም «ደግ ሠራሽ»። ሁለቱም አፌ ድረስ መጥተው ተመለሱ። አባትነት እንዲህ ነው ብዬ ኖሬያለሁ፤ እንዲህ መሆኑን ግን በዚያ መንገድ ላይ መጠራጠር ጀመርኩ። ቤት ስንገባ «ደግ ሠራሽ» አልኳት። ቁልፉን በር ላይ እንደሰካች ዞራ አየችኝ፤ አሁንም አስም የተነሣብኝ መስሏት ይሆናል።

በሦስተኛው ቀን አለቃዋ ደወለ። የሺ ቆማ ሰማች፤ ከዚያ ተቀመጠች፤ ከዚያ ሳቀች። ተሳፋሪዎቹ ሲሰናበቱ አስተያየት የሚጽፉበት ወረቀት አለ። ከጉብኝቱ ሁሉ ልባችሁን የነካው የቱ ነው ቢባሉ፣ ሁሉም ማንም ምንም ያላስረዳቸውን ቤት ጽፈዋል። ማስጠንቀቂያው ቀርቷል፤ ሥራዋም አለ። «ጭራሽ ቤቱ ፕሮግራም ውስጥ ገባ፣ አባዬ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

በማግሥቱ የቤቱ ጽሑፍ መጣ። ሦስት ገጽ ነው። ጡቡ አለበት፣ የፎቁ ቁመት አለበት፣ የባለቤቶቹ ስም በየተራ አለበት። ለቤቱ የተመደበው ስምንት ደቂቃ ነው፤ ሰባቱ ማብራሪያ፣ አንዱ ዝምታ። ከራሴ የጨመርኩት የለም፤ «ዝምታ፣ አንድ ደቂቃ» ይላል ወረቀቱ።

ቅዳሜ ጠዋት የሺ ሳሎን መካከል ቆማ ተለማመደች። ሰባቱን ደቂቃ ሳትደናቀፍ ተወጣችው። ከዚያ ስልኳን ደቂቃ እንዲቆጥር አድርጋ ጠረጴዛ ላይ አኖረችና ጸጥ አለች። እኔም ከወንበሬ ተነሥቼ አብሬያት ቆምኩ። የዝምታው ደቂቃ ግማሽ ላይ እንደደረስን ስልኩ ጮኸ። መሥሪያ ቤቷ ነው። ፕሮግራሙ ስለተጣበበ ዝምታው ወደ ሠላሳ ሰከንድ መውረዱን ሊነግሯት ነው።

«እንግዲያው ጨርሻለሁ» አለቻቸው።