በድምፅ ብልጫ የጠነከረው ግድግዳ

ጅግጅጋ ውስጥ ካሉት መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ግድግዳን በድምፅ ብልጫ ያጠናከረ የእኛ ብቻ ነው። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

የበላይ አካል ሊጎበኘን መሆኑ በተሰማ ማግስት፣ ኃላፊያችን አቶ ዮፍታሔ ከአውበሬና ከሸደር ከተሞች የመጡት የአሥር ዓመት ፋይሎች ከወለል ተነሥተው “ወደ ላቀ ደረጃ እንዲሸጋገሩ” አዘዙ። ለዚህም አራት ሰው የሚሸከመው ትልቅ የእንጨት ሼልፍ ተሠራ። የሚሰቀለው መዝገብ ቤቱን ከጸሐፊዋ ክፍል በሚለየው የጂፕሰም ግድግዳ ላይ፣ ልክ ከጥሩነሽ ራስ በላይ ነው። ጥሩነሽ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ያላትም ራስ አንድ ብቻ ነው።

አናጢው ሳማታር ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገው። ከወዲያ በኩል ጸሐፊዋ ፌኔት “ይግቡ!” አለች።

“ወላሂ አቶ ዮፍታሔ፣ ይሄ ውስጡ ባዶ ነው” አለ ሳማታር። “ብሎኑ የሚነክሰው ነገር የለም። የብረት ቋሚ ያለው እዚያ ጥግ ጋ ነው። ወደዚያ እንውሰደው፤ ከሥርም እግር ላብጅለት።”

“ጥግ?” አሉ አቶ ዮፍታሔ፣ እንደተሰደበ ሰው። “እንግዶቹ ሲገቡ ፊት ለፊት መታየት አለበት። መሃል ላይ ነው የሚሰቀለው!”

“መሃል ላይ ቋሚ የለማ!”

“እሱ የቋሚው ችግር ነው።”

ጉዳዩ ሙያ የሚጠይቅ በመሆኑ አንድም ባለሙያ የሌለበት ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴውም ጥልቅ ጥናት አካሄደ፤ ማለትም ተራ በተራ ጀርባችንን ሰጥተን ግድግዳውን ተደገፍነው። አልወደቀም። ሰውነታቸው ደልደል ያለው አቶ ወልደሩፋኤል ለጥናቱ ተዓማኒነት ሲባል ሁለት ጊዜ ተደገፉ። ከዚያም ግድግዳው ጠንካራ መሆኑ በስድስት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ ጸደቀ። ድምፀ ተዓቅቦ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ጀግንነቴ እስከዚያ ድረስ ነው።

ሳማታር “እኔ የለሁበትም” ብሎ መሰርሰሪያውን ይዞ ወጣ። ሼልፉን ሾፌሩና ጥበቃዎቹ ሰቀሉት፤ ፋይሉም እስከ አፍ ገደፉ ተጠቀጠቀበት።

ጥሩነሽ “ጠረጴዛዬን ወደ መስኮቱ ላዛውር” ብላ በጽሑፍ ጠየቀች። መልሱ በሁለት ቀን መጣ፤ እንዲህ ያለ ቅልጥፍና በመሥሪያ ቤታችን ታይቶ አይታወቅም። “ግድግዳው በኮሚቴ የጸደቀ ስለሆነ፣ ያቀረቡት ስጋት ተቋሙን ከመጠራጠር ተለይቶ አይታይም” ይላል።

ደብዳቤውን ስሰጣት “እንዴ! እኔ እኮ የልጆች እናት ነኝ” አለችኝ።

አፈርኩ። “ፈርመሽ ተቀበይ” አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ጥሩነሽ ሼልፉ ቋ ባለ ቁጥር ብድግ ብላ ትወጣ ጀመር። ሐሙስ ከምሳ በኋላም ቋ አለ፤ ወጣች። ደጃፉን እንደረገጠች ሼልፉ ጂፕሰሙን ገንጥሎ ይዞት ወረደ። ወንበሯ ብትንትኑ ወጣ።

ያው ኮሚቴ ምርመራ አካሄደ። ግድግዳው ከጥፋት ነጻ ሆነ፤ የጸደቀ ነዋ! አቶ ዮፍታሔም ነጻ ሆኑ፤ ኃላፊ ናቸዋ! ጥሩነሽ ግን “ሼልፉ በወደቀበት ሰዓት በሥራ ገበታዋ ላይ ባለመገኘቷ” የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ምላሿንም በሦስት ቀን ውስጥ እንድታቀርብ ታዘዘች።

ሦስት ቀን አልጠበቀችም። እዚያው እፊቴ ቆማ ጻፈችው፦ “በተባለው ሰዓት ወንበሬ ላይ እንዳልነበርኩ አምናለሁ። በሕይወት በመገኘቴም መሥሪያ ቤቱን ይቅርታ እጠይቃለሁ።”

አቶ ዮፍታሔ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያም በቀይ እስክሪብቶ መሩበት፦ “ይቅርታዋ ተቀባይነት አግኝቷል። ሁለተኛ እንዳይደገም።”