በቃኝ ያለችው የሀጂራ ስልክ እንዴት እንደታመነች

በዘመነ ሉቃስ፣ በወርኃ ኅዳር፣ ጸሐፌ ኮድ ቃለ ሕይወት በባሕር ዳር የጀልባ መከታተያ ላይ በነገሡ በሁለተኛው ዓመት፣ መብራትም ለጊዜው በታረቀን ወራት፣ የሆነው ይህ ነው።

እኒህ ቃለ ሕይወት፣ ዐቃቤ ኬብል፣ ገሣጼ ሰርቨር፣ የዓሣ አስጋሪ ጀልባ በጣና ላይ የት እንደደረሰች ወደሚጠብቋት ሰዎች ስልክ ያለማቋረጥ ወሬ የሚልክ አገልግሎት መሥርተው ነበር። ነገር ግን የጎጃም ልጅ ናቸውና፣ «በቃኝ» ያለ እንግዳ ይግደረደራል እንጂ አልጠገበም ተብለው ያደጉ ናቸውና፣ ሰርቨሩንም በዚሁ ሥርዓት አሳደጉት፤ ስልክ ሞልቶባት «በቃኝ፣ ቆይ» የሚል ምልክት ብትልክ፣ «በሞቴ!» እንደሚል ባለቤት እጥፍ ያጎርሳት ነበር።

ወእምዝ በአንዲት ዕለት የዓሣ ነጋዴዋ ወይዘሮ ሀጂራ የባላቸውን የአብዱልሃኪምን ጀልባ ይጠብቁ ነበር። ለዓሣው የተዘጋጀው በረዶ ከማቀዝቀዣ ቀድሞ ከወጣ ይቀልጣል፤ ከዘገየም ዓሣው ይሸታል። አሮጌዋ ስልካቸው ግን የጎረሰችውን ሳትውጥ ሌላ እየተጎረሰች የንጋቱን ወሬ በቀትር ታወራ ነበር፤ በእርሷ ዘንድ ጀልባይቱ ገና ከዘጌ አልተነሣችም። ወይዘሮ ሀጂራም በስልክ እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦

«አንተ ቃለ ሕይወት! ከዘጌ የመጣ ሁሉ ጀልባዋን ሐይቁ ላይ አየሁ ይላል፤ ያንተ ጉድ ግን ዘጌ ላይ ተክሏታል! ዓሣዬ ቢሸት በርህ ላይ ነው የምደፋልህ!»

ያን ጊዜ ጸሐፌ ኮድ ተነሡ፤ ስሕተት አዳኟ የብርጓል፣ ቻርጀር ያዡ ገድሉ፣ ሥራ የሌለው አስተያየት ግን የማያጣው አካሉም ተከተሏቸው። በአካሉ ምክር መጀመሪያ የሰርቨሩን ማከማቻ አሰፉ፤ ጎተራ ቢሰፋ ጉሮሮ አይሰፋምና ባሰ። ከዚህ በኋላ ኮዱን ገልጠው እንዲህ ሲሉ ደነገጉ፦

«ስማ ሰርቨር! በቃኝ ያለ በቅቶታል! ስልክ ‹አምጣ› ሳትል አትላክ፤ ስትልም ያደረውን ድፋና ትኩሱን ብቻ አቅርብ!»

ሰርቨሩም ታዘዘ፤ ስልኳም ተነፈሰች፤ በስልኳም ላይ ጀልባይቱ ከዘጌ ተነሥታ በዐይን ጥቅሻ ከተማ ገባች፤ ወደቡ ላይ ግን ሳይሆን ከሐይቁ ዳር ካለች ሻይ ቤት አጠገብ ቆማ ተገኘች። ወይዘሮ ሀጂራ በረዶውን በባጃጅ አስጭነው ገሠገሡ፤ ከሩቅም ዐወጁ፦

«አብዱልሃኪም! ሻይህን ጨርስ፣ መጥቻለሁ!»

ዓሣውም ሳይሸት በረዶ ለበሰ።

ስለዚህም ቃለ ሕይወት፣ መጋቤ ጅረት፣ የታፈኑ ስልኮች እስትንፋስ፣ እንኳን የሰውን የማሽንን በቃኝ ያመኑ፣ ስማቸው ከዘጌ እስከ ሐሙሲት ገነነ፤ ከአብዱልሃኪም በቀር የጣና ዳር ሰው ሁሉ አመሰገናቸው።