የስድስተኛው አያት ነገር

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ብሳሳት ይቅር በሉኝ። ለመሆኑ ትልቅ አያት ሲፈልግ የሚኖር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኛ ቤቱ አባቴ ናቸው። ከደሴ እስከ ቢስቲማ በየደብሩ እየዞሩ፣ በአሮጌ ወንጌል ኅዳግ ላይ የተጻፈ ስም ሲያስነብቡ ጫማቸው አለቀ። በመጨረሻ በጎንደር ነገሥታት ዘመን የነበሩ አንድ ደጃዝማች አገኙና ስድስተኛ አያታችን አደረጓቸው። ጎተራችን ባይሞላም አንገታችን ቀና አለ።

ዘንድሮ የጣሊያን ካሚዮን አቧራ አልብሷቸው ከኮምቦልቻ ሽማግሌዎች መጡልኝ። ያስጠየቀኝን ልጅ ገበያ አይቼዋለሁ፤ መጻፉ ቢያሳፍረኝም ወድጄዋለሁ።

እንደ ደንቡ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና እንዳይኖር ዘር ተቆጠረ። አባቴ ደጃዝማቹን ጠሩ። አብረው የመጡት የልጁ አባትም ለካ አያት ፈላጊ ኖረዋል!

“እኔም የእሳቸው ነኝ!” አሉ።

“ወንድሜ!” ተባብለው ተቃቀፉ። እኔና ልጁም ዘመዳሞች ሆነን ቀረን።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የነበሩት ቄስ፣ “ከሁለት አንዳችሁ ተሳስታችሁ እንደሆነስ?” ቢሉ ሁለቱም ተቆጡ።

እንግዶቹ ሲሄዱ፣ ኀዘኑ ድፍረት ሆነኝና፣ “አባዬ፣ እኒህን ደጃዝማች ቢተዉልኝስ?” አልኳቸው።

“ልጄ፣ ባል ሌላ ይገኛል፤ እንዲህ ያለ አያት ግን ከየት ይመጣል?”