የመሪጌታ ሀብተ ማርያም ጭነት

በየሰፈሩ አንድ ሐሜተኛ እንደማይታጣ ሁሉ፣ ሁልጊዜ ሊሄድ የተነሣ ግን የማይሄድ አንድ ሰውም አይታጣም። ስንቁ ተሰንቋል፤ ጎረቤቱን ተሰናብቷል፤ ዓመት ቆይታችሁ ብትመለሱ ግን እዚያው ደጃፉ ላይ መጫኛ ሲያጠብቅ ታገኙታላችሁ። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ባሉት ዓመታት፣ በጎንደር ከተማ፣ ቀሐ ወንዝ ዳር፣ ይህን ማዕረግ የያዙት መሪጌታ ሀብተ ማርያም ነበሩ። ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ይሏቸዋል። ሚስታቸው ይመኙሽ ግን በሆዷ «ሊቀ ጭነት» ብላ ሾማቸዋለች።

መሪጌታ የሚሄዱት ወደ ትውልድ አገራቸው፣ ወደ ጃናሞራ ነው። እስከ ደባርቅ መንገዱ ደልዳላ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን የቧሂትን ተራራ የሚያሻግር የቀናት የእግር መንገድ ነው፤ ውርጩ በቅል የያዙትን ውኃ ያረጋል፣ ከፍታው ራስ ያዞራል። «ስሜን ነው! ከስሜን ጋር ቀልድ የለም» ይላሉ መሪጌታ፣ አንድ ነገር በጨመሩ ቁጥር። ደግሞም ይጨምራሉ። በሶ በስልቻ፣ ዳቦ ቆሎ በስልቻ፣ ለራስ ማዞር ነጭ ሽንኩርት፣ ለሆድ ቁርጠት ፌጦ፣ ለብርድ አረቄ፣ የበግ ጠጉር ባና በባና ላይ፣ ጣሊያን ጥሎት የሄደ የድንኳን ሸራ፣ ሸራው ቢቀደድ የሚሰፉበት ወስፌ፣ ወስፌው ቢሰበር ሌላ ወስፌ።

በቅሎ የሚያከራዩት አያ ፋንታሁን ናቸው። የእሳቸውን አበሳስ ማን ይቁጠረው!

«መሪጌታ፣ ቀኙ ከበደ» ይላሉ።

መሪጌታ በግራ በኩል አንድ ቁና ሽንብራ ይጨምራሉ።

«አሁን ደግሞ ግራው ከበደ።»

በቀኝ በኩል አንድ ባና ይደረባል። ጭነት በመቀነስም እንደሚስተካከል እኒህን ሊቅ ያስተማራቸው መምህር የለም። በመጨረሻ በቅሎዋ ራሷ ነገሩ ይሰለቻትና እግሯን አጥፋ ትተኛለች። አያ ፋንታሁንም «ምነው መሪጌታ፣ ይች ፍጥረት ምን በደለችዎ?» እያሉ ጎትተው ይመልሷታል።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው ቄስ ወልደኢየሱስ በዚያ ሲያልፉ ቆመው ተመለከቱ። «ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ለመንገድ ከረጢት አትያዙ ብሏቸው የለም ወይ?» አሉ።

መሪጌታ ቀና እንኳ አላሉም። «ሐዋርያት ወደ ስሜን አልተላኩማ!»

ጭነቱ የሚጀመረው መስቀል ሲጠባ ነው። ሳያልቅ ጥምቀት ይቃረባል፤ ታቦት ቀሐ ወርዶ መሪጌታ ቀርተው እንዴት ይሆናል? ከጥምቀት በኋላ ሊነሡ ሲሉ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ቋንጣውና ቅቤው ወጥቶ የጾም ስንቅ ይሰነቃል። ፋሲካ ሲሆን ደግሞ የፍስኩ ተመልሶ ይገባል። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ መጫኛው ሲጠብቅ ሰማዩ ይጠቁርና ክረምት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ይመኙሽ የእንፍራንዝ ልጅ ናት፤ ውርጭ የሚባል ነገር በዓይኗ አይታ አታውቅም። እንደተጋቡ ሰሞን በባሏ ነገር ትስቅ ነበር። ኋላ ግን ሳቁ እየከበዳት መጣ። መሪጌታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስልቻቸው ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ስሜን ያዞራሉ። «ጦስኙ አሁን አብቧል» ይላሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ገብሱ ዛላ ይዟል። ጅባራው ጭጋግ ውስጥ ሰው መስሎ ቆሟል።» እሷም አጠገባቸው ትቀመጥና ትሰማለች። ናፍቆት ይጋባ የለ? ያላየችው አገር ይናፍቃት ጀመር።

ከሁሉ የሚያስጨንቃት ግን የሽታዬ ነገር ነበር። ሽታዬ የመሪጌታ ታላቅ እህት ናት፤ ከእናትና ከአባታቸው ቤት የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ገብስ ይዘው ለቅዳሜ ገበያ የሚወርዱ የስሜን ሰዎች በመጡ ቁጥር መልእክቷን ያደርሳሉ። «ዓይኔን እያመመኝ ነው። ሳይጨልምብኝ አንዴ ልየው ብላለች።»

እንዲህ ያለ ቃል በመጣ ቀን መሪጌታ ዕንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ጭነቱን ከሥር ይፈቱታል። ከዚያም እንደገና መጫን።

«ይበቃዎታል፣ መሪጌታ» ትላለች ይመኙሽ። «እንዲሁ ይሂዱ። ዓይን እኮ ቀጠሮ አይጠብቅም።»

«ገና ነው፤ ይጎድላል።»

«ምን ጎደለ?»

መሪጌታ ዞረው መጫኛውን ያጠብቃሉ። ይመኙሽ አንዳንዴ ትናደዳለች፤ አንዳንዴም ምድጃው ጥግ ዞር ብላ ታለቅሳለች።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ መሪጌታ ግቢው መሐል ሁለት ስልቻ በሁለት እጃቸው አንጠልጥለው ሲያመዛዝኑ፣ የገብስ ነጋዴዎች ደጃፉ ላይ ቆሙ። ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት መንገዱን እንዳትስት የአንዱን አህያ ጭነት በእጇ ጨብጣለች። ከበትሯና በኩታዋ ጫፍ ከቋጠረችው ቆሎ በቀር የራሷ የምትለው ምንም የላትም። ያን ሁሉ ተራራ ያለፈችው በዚያ ነው።

«የሀብቴ ቤት ይኸ ነው?» አለች።

ስልቻዎቹ ወደቁ። «እታለም!»

ወደ ድምፁ መጣች። ዓይኖቿ ተከፍተዋል፤ የሚያዩት ግን የለም። ፊታቸውን በሁለት እጇ ያዘችና ግንባራቸውን፣ ጉንጫቸውን፣ ጢማቸውን ቀስ ብላ ዳሰሰች።

«ሸብተሃል እንዴ?»

«ሸብቻለሁ።»

«ምነው ቀረህብኝ፣ ወንድሜ?»

መሪጌታ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቁ። «ባዶ እጄን እንዴት ልምጣ? ለትምህርት ከቤት የጠፋሁ ዕለት፣ ዝናቡ እየጣለ ሮጠሽ ደረስሽብኝ። ደበሎሽን አውልቀሽ አለበስሽኝ። ያን ክረምት አንቺ በምን አለፍሽው? ይኸው የምሰበስበው ሁሉ እሱን አልተካ አለኝ።»

ሽታዬ አሰበች። ብዙ አሰበች።

«የቱን ደበሎ?» አለች።

ይመኙሽ ጓዳው በር ላይ እንደቆመች እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እኔስ ትዝ የሚለኝ ፊትህ ነው» አለች ሽታዬ፣ እጇን ሳታነሣ። «እሱን ይዘህ ብትመጣ ይበቃኝ ነበር።»

ሰኞ ጠዋት ሄዱ። ሽታዬ በአያ ፋንታሁን በቅሎ ላይ ተቀመጠች፤ መሪጌታ ልጓሙን ይዘው በእግራቸው ተጓዙ። ስልቻው፣ ባናው፣ ሸራው ሁሉ ግቢው ውስጥ እንደ ተዘረገፈ ቀረ። ቄስ ወልደኢየሱስ ሳይቀሩ ሰፈሩ በሙሉ «አሁን ይመለሳሉ፣ አሁን ይመለሳሉ» እያለ ጠበቀ። መሪጌታ ዘወር ብለውም አላዩ።

ይመኙሽ ከተጋቡ ጀምሮ ባሏን ሲሄዱ ከኋላቸው አይታቸው አታውቅም ነበር። ትከሻቸው እንዲህ ጠባብ ነው እንዴ? አንገታቸውስ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የቀጠነው? ስትስቅባቸው፣ ስትናደድባቸው የኖረችው ሰው በአንድ ነጠላ ወደዚያ ውርጭ ሲወጡ አየች፤ ገና ከዓይኗ ሳይጠፉ ናፈቋት።

«ይበርድዎታል!» አለች። ርቀው ነበር፤ አልሰሟትም።